እስኪጋመስ የፈላ ውሃ

የቢሊሴን ጥርስ ያበላሸችው እናቷ ናት።

ዘርፉ ይህን የሰማችው ሁዳዴ ሊፈታ ሲል ነው። ሰርጉ ተቆርጦ፣ ድንኳኑ ተይዞ፣ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የልጇን ቦርሳ ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣ ሳለ። ሌላ ቀን ቢሆን ውጭ ትጠብቅ ነበር። ያን ቀን ግን ቢሊሴ "ሀርሜ፣ አብረሽኝ ግቢ፤ መርፌ ካለ እጄን ትይዣለሽ" አለቻት። ሀርሜ ነው የምትላት ከልጅነቷ ጀምሮ፣ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት። ገባች። ባትገባ ይሻል ነበር።

ቢሊሴ የመጣችው ጥርሷን ልታስነጣ ነው። ቡናማ ነው። ቡናማ ሲባል ሻይ የነካው አይደለም፤ የተቃጠለ የሚመስል፣ ፊት ለፊት ያሉት ደግሞ ምስጥ እንደበላው እንጨት የተቦረቦሩ። ከአዳማ ሻሸመኔ ድረስ ባለው መንገድ እንዲህ ያለ ጥርስ ብርቅ አይደለም። ውሃው ነው፣ ሁሉም ያውቃል። ግን የሁሉም እንደ ቢሊሴ አልነበረም። አዳሚ ቱሉ አብረዋት ያደጉት ልጆች ቢጫ አለባቸው፣ ነጠብጣብ አለባቸው፤ ሲስቁ ግን እስከ መንጋጋቸው ይታያል። እሷ ግን ስትስቅ እንኳ ከንፈሯን አትከፍትም።

የምትሠራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው፣ የተሰፋ ልብስ ጥራት እያየች። እጮኛዋ መሳይም እዚያው የስፌት ማሽን ይጠግናል። እሱ ግድ የለውም። "ጥርስሽን ነው እንዴ የማገባው?" ይላታል። ለማጽናናት ነው። እሷን ግን ያንገበግባታል፤ ማየቱን ነገራት ማለት ነዋ።

ቀጠሮ ያስያዛት ግን የመሳይ አክስት ናት። ቤተሰብ ሊተዋወቅ ከደብረ ብርሃን የመጡ ቀን፣ አክስትየው ወደ ጎኗ ዘንበል ብላ፣ "ልጅቷስ መልካም ናት፤ ትንባሆ ታኝካለች እንዴ?" አለች። ሹክ ማለቷ ነበር። አክስትየው ሹክ ስትል ጎረቤት ይሰማል። ቢሊሴ በማግስቱ ክሊኒኩ ደወለች።

ሐኪሙ ዶክተር ፍሬዘር ይባላል። ልጅ እግር ነው፣ ወሬ ይወዳል።

"ለሰርግ ነው አይደል? ሁሉም የሚመጣው ለሰርግ ነው" አለ ጓንቱን እያጠለቀ። "ለፍቺ የሚያስነጣ እስካሁን አላጋጠመኝም።"

ቢሊሴ ሳቀች፣ ከንፈሯን ገጥማ። ወንበሩን አስተኛት፣ መብራቱን ሳበ፣ አየ። ትንሽ ነፋስ በቱቦ ጥርሷ ላይ ለቀቀ። ዘላ ልትነሳ ነበር።

"ነዘረሽ?"

"እስከ ጆሮዬ።"

መብራቱን አጠፋው። "ዛሬ አላነጣልሽም።"

"ለምን? አደጋ አለው እንዴ?"

"ማንጣቱ አይደለም አደጋው። ደህና ጥርስ ላይ፣ ድዱን ሸፍነን፣ መድኃኒቱን መጥነን ስንሠራው ምንም አይልም። አንድ ሁለት ቀን ይነዝራል፣ ከዚያ ይተዋል። ያንቺ ግን ላዩ ተቦርቡሯል። እዚያ ላይ ያን ጄል ባደርግ ቀጥ ብሎ ነርቭሽ ጋ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን እንደፍናለን። ከዚያ በለዘብተኛ መድኃኒት፣ ቀስ እያልን። ወራት ይወስዳል። እሱም ቢሆን ይደበዝዛል እንጂ ወተት አይሆንም።"

"ሰርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው እኮ ዶክተር።"

"ሰርጉ ባንድ ቀን ያልቃል። ጥርሱን እስክታረጂ ትበይበታለሽ።"

ቢሊሴ ጣራውን አየች። እሱ መጻፍ ጀመረ። "የት ነው ያደግሽው? ምን ውሃ ነበር የምትጠጡት?"

ለዚህ መልስ ያላት ዘርፉ ናት።

ቢሊሴ ታላቅ ነበረቻት፣ ሆራ የምትባል። ዘርፉ ከአርሲ ነገሌ ደጋ፣ የምንጭ ውሃ ካለበት፣ ተድራ አዳሚ ቱሉ ስትገባ ባሏ ጋዲሳ አንድ እርሻ ላይ የውሃ ፓምፕ ያንቀሳቅስ ነበር። ሆራን እዚያ ወለደቻት። መሄድ እንደ ጀመረች ተቅማጥ ያዛት። ጤና ኬላ እስኪደርሱ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ስታለቅስ እንባ የላትም። ሞተች። የጤና ረዳቱ እጁን እየታጠበ "ውሃውን አፍልተሽ ቢሆን ኖሮ" አለ። ሌላ አልተናገረም። እሷም ሌላ አልሰማችም።

ቢሊሴ ስትወለድ ዘርፉ ውሃ ማፍላት ጀመረች። እንደ ሰው አይደለም ያፈላችው። ከጉድጓዱ የተቀዳውን ትልቁ ድስት ሙሉ ትጥደዋለች፤ ፈላ ብላ አታወጣም፤ እስኪጋመስ ነው የምትጠብቀው። የድስቱ ሥር ነጭ ቅርፊት ይይዛል። "አያችሁ ቆሻሻውን?" ትላለች ለጎረቤት። ክረምት ሲገባ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከጣራ የሚወርደውን ዝናብ ይጠጣል። ቢሊሴ አንዴ አፏን ከፍታ ከቆርቆሮው ሥር ስትቀበል አግኝታት በልምጭ ገርፋታለች። ቢሊሴ አንድም ቀን ተቅማጥ ሳይነካት አደገች። ዘርፉ በሕይወቷ ልክ ሠራሁ የምትለው ይህን ነው፤ ሌላ የላትም።

ስለዚህ ሐኪሙ ሲጠይቅ ቀደመች። "ልጄ፣ እኔ ልንገርህ። ያደገችው አዳሚ ቱሉ ነው፤ እኔ ከደጋ ተድሬ የገባሁበት። ውሃ ነው ያበላሸው ይላሉ፤ የኔ ልጅ ግን ጥሬ ውሃ በአፏ ዞሮ አያውቅም። አፍልቼ ነው ያሳደግኳት። እስኪጋመስ።"

"እስኪጋመስ?"

"ግማሹ እስኪሄድ። እስከ ስምንት ዘጠኝ ዓመቷ፣ አዳማ እስክንገባ ድረስ።"

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዝም ቢል ምን ነበረበት? ሊልም ነበር። ቢሊሴ ናት ያላስቻላት።

"ምነው ዶክተር?"

"ምንም... ማፍላት ጥሩ ነው። ጀርም ይገድላል።"

"ግን?"

ወደ ዘርፉ አየ፣ ወደ ቢሊሴ አየ። "ጥርስ የሚያበላሸው ጀርም አይደለም። ፍሎራይድ ይባላል፣ ከመሬት ሥር ከውሃው ጋር ነው የሚወጣው። እሱ አይተንም። ውሃው ይሄዳል፣ እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ግማሹ ሲሄድ፣ የሁለት ኩባያውን ባንድ ኩባያ ጠጣሽ ማለት ነው። ጥርስ ደግሞ የሚሠራው በልጅነት ነው። የእናትሽ ነጭ የሆነው ካደጉ በኋላ ስለመጡ ነው።" ቶሎ ብሎ ደግሞ ጨመረ፤ "እማማ፣ እርስዎ አላጠፉም። ማንም አልነገረዎትም። ባያፈሉትም ጥርሷ ይነካ ነበር።"

"እንዲህ ባይሆንም" አለች ቢሊሴ።

"እንዲህ... ባይሆንም።"

ዘርፉ ቦርሳውን ያዘች። ሌላ የምትይዘው አልነበራትም።

በባጃጅ ተመለሱ። ግቢያቸው በር ላይ ወርደው፣ ዘርፉ ቁልፍ ስትፈልግ፣ ቢሊሴ ከኋላዋ ሆና ተናገረች። ድምጿን አላነሳችም።

"ታላቄን በጥሬ፣ እኔን በፍል።"

ዘርፉ ቁልፉን አገኘች። በሩን ከፈተች። ቀድማ እንድትገባ ተወቻት።

ከዚያ በኋላ ቢሊሴ ከሥራ ስትመጣ በልቼ መጣሁ ትላለች። አልበላችም። ዘርፉ ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት እንደቋጠረችላት ታገኘዋለች። ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ጋዲሳ ከሞተ ቆየ። ሁለት ሰው ሲኳረፍ ቤት እንዴት እንደሚጠብ!

አንድ ቀን ቢሊሴ ስልክ ስታወራ ዘርፉ ሰማች። የምታወራት ሊዲ የምትባል ውበት ሳሎን ያላት ልጅ ናት፤ ፀጉርም ጥፍርም ጥርስም ትሠራለች። "በአንድ ቁጭታ? ነጭ? ... ቅዳሜ ይመቸኛል።"

ዘርፉ በሩ ላይ ቆመች። "ቢሊሴ፣ ሐኪሙ እኮ ነርቭ..."

"ስለ ጥርሴ አንቺ አትናገሪኝ።"

አበቃ። ልክ ናት። ዘርፉ ስለዚያ ጥርስ የተናገረችው ሁሉ፣ ያደረገችው ሁሉ፣ አሁን አፍ አያስከፍታትም። ጎረቤቷን ሸዋወርቅን ላከች። ሸዋወርቅ አንደበተ ርቱዕ ናት፤ ለዕድሩ እንኳ የምትናገረው እሷ ናት። ገብታ ወዲያው ወጣች።

"ምን አለችሽ?"

"'እሷ ናት የላከችሽ?' አለችኝ። አይ አልኩ። 'ማን ነገረሽ ታዲያ?' አለችኝ። እኔ ውሸት ላይ ደካማ ነኝ፣ ታውቂያለሽ።"

ለመሳይም ደወለችለት። "እማማ፣ ተይው ብላት ካሁኑ ልታዘኝ ነው ትለኛለች፤ ዝም ብላት እውነትም ጥርሴ አስጠልቶት ነው ትላለች። ኧረ ጨንቆኛል" አለ። እውነቱን ነው፣ ጨንቆታል። አልረዳትም እንጂ።

ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። መርዝ ካለበት በእሱ ይጀምር ነው ነገሩ። ዘርፉ ሐሙስ ዕለት አማላጅ ሲያልቅባት የታያት ይህ ነው። ብልሃት አይደለም፤ ቸገራት። ዓርብ ጠዋት፣ ቢሊሴ ሥራ እንደገባች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሊዲ ጋ ሄደች።

ሊዲ ቅንድቧ እስከ ግንባሯ የወጣ፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ክፋት ያላት አትመስልም። "ማዘር! ምን እንሥራልሽ? ሂና?"

"ጥርስ።"

"ጥርስ? በስማም፣ ማዘር ሙድ ነሽ! ልታገቢ ነው እንዴ?" ሌላዋ ወንበር ላይ ፀጉሯን የምትሠራው ደንበኛ ሳቀች። "እስኪ አሳዪኝ... ኧረ ማዘር፣ ያንቺ እኮ ነጭ ነው! ምኑን ላንጣው?"

"ይንጣ።"

"እሺ፣ ደንበኛ ንጉሥ ነው። ንግሥት!"

የቀባቻት ነገር ጽሑፍ ከሌለው ጠርሙስ ነው የወጣው። ሐኪሙ የሚጠይቀውን ምንም አልጠየቀችም። ጥርሷን እንኳ በመስታወት አላየችውም።

"ድዱን አትሸፍኚውም?" አለች ዘርፉ።

"ለምንድነው የምሸፍነው? ኦርጅናል ነው፣ ከዱባይ ነው የሚመጣልኝ።" አፏን በላስቲክ ከፍታ፣ ሰማያዊ መብራት ደቀነችበትና የሌላዋን ፀጉር ልትሠራ ሄደች።

መጀመሪያ ሚጥሚጣ ነው። ቀጥሎ እሳት። ዘርፉ እጇን አነሳች።

"ያቃጥላል? ውበት ያቃጥላል ማዘር፣ ቻይው!"

መነሳት ትችል ነበር። የፈለገችውን አውቃለች፣ ይበቃታል። ግን ልጇን ታውቃታለች። ቢሊሴ አትነሳም። ቢሊሴ ነገ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ያቺን አክስት እያሰበች፣ እስከ መጨረሻው ትችላለች። እስከየት እንደሚያደርስ ካላየችው ምኑን ቀመሰችው? ቁጭ አለች። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ፀጉሯ ውስጥ ገባ። ሊዲ ስለ አንዲት ጓደኛዋ ባል ታወራለች፤ ወሬው ረዥም ነበር።

ሊዲ ተመልሳ ስታየው ሳቋ ጠፋ። "ውይ... ትንሽ ነጣ። ድዱ ማለቴ ነው። ይመለሳል ማዘር፣ ቫዝሊን አድርጊበት።"

ቢሊሴ ከሥራ ስትገባ ዘርፉ ሳሎን ቆማ ጠበቀቻት። ከንፈሯ አብጧል። አገጯ ላይ የወረደው ነገር የነካው ቦታ ቀልቷል። ቢሊሴ ቦርሳዋን ጣለች፤ መኳረፏን ረሳችው።

"ምን ሆነሽ ነው? ሀርሜ! ማነው የመታሽ?"

ዘርፉ ከመናገር ማሳየት ቀለላት። አፏን ከፈተች። ድዷ እንደ ተቀቀለ ሥጋ ነጥቷል፤ ከፊት በኩል ተልጦ ደም ይዟል። ቢሊሴ ጠጋ ብላ አየች። ቀስ ብሎ ገባት።

"ሊዲ ጋ ነው?"

ዘርፉ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"አንቺ... ያንቺ ጥርስ እኮ ምንም የለበትም! ለምን?"

ዘርፉ እንደምንም ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ "ካንቺ በፊት ልየው ብዬ" አለች።

ቢሊሴ ነጠላውን ከወንበሩ አንስታ እናቷ ትከሻ ላይ ጣለችና እጇን ይዛ ወጣች።

ዶክተር ፍሬዘር ቀልድ አላወራም። አጠበላት፣ ቀባላት፣ ማስታገሻ ጻፈላት። "ድዱ ይድናል። ጥርሱም ጤነኛ ስለሆነ ይችለዋል" አለ። ከዚያ ዞሮ ቢሊሴን አያት። "ያንቺ ቢሆን አይችለውም ነበር። የፊቶቹን ታጪያቸው ነበር።"

ቢሊሴ እዚያው ቆማ ስልኳን አወጣች። "ሊዲ? ነገ አልመጣም... አይ። አልመጣም አልኩሽ እኮ! ዛሬ የመጣችው እናቴ ናት።" ዘጋችው። ወደ ሐኪሙ ዞረች። "ቀዳዳዎቹን ይድፈኑልኝ። ሌላውን ከሰርጉ በኋላ ቀስ ብለን።"

ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ቢሊሴ በላስቲኩ መስኮት ወደ ውጭ እያየች፣ "ያን ቀን በር ላይ ያልኩሽ..." አለች። አልጨረሰችውም።

ዘርፉ ጨረሰችላት። "እውነት ነው" አለች ራሷ። አፏ ያማታል፤ ቃሉን ቀንሳ ነው የተናገረችው። "ውሸት ቢሆን ረስቼው ነበር።"

ባለባጃጁ በመስታወት አያቸውና ሙዚቃውን ቀነሰ። ቢሊሴ እስከ ቤት አለቀሰች። ይቅርታ አላለችም። ዘርፉም ይቅርታ አላለችም። ማን ለማን ይበል?

ሰርጉ ደረሰ። የቢሊሴ ጥርስ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ቡናማው እንዳለ ነው። የዘርፉ ከንፈር ቅርፊቱ ገና አልረገፈም። "ምን ነካሽ?" ላላት ሁሉ "ሽሮ ፈላብኝ" ትላለች። ቢሊሴ ይህን ስትል አንዴ ሰማቻት፤ ዓይኗን ወደ ሌላ መለሰች።

ሙሽራው ሚዜዎቹን ይዞ፣ በሩ ላይ ተዘፍኖ፣ ተገፍቶ፣ ገባ። ግቢው ጢም ብሏል። የደብረ ብርሃኗ አክስት ከፊት ቆማለች፣ ዓይኗ ሙሽሪት አፍ ላይ ነው። ቢሊሴ አክስትየው እንደምታያት አየች። ከንፈሯን ገጠመች።

ጉልበት መሳም ተባለ። መሳይ ቀደመ፤ ዘርፉ ጋ ተንበርክኮ ግራ ቀኝ ጉልበቷን ሳመ፣ ተነሣ። ከዚያ ቢሊሴ ቬሏን ሰብስባ ተንበረከከች። የእናቷን ጉልበት ሳመች። ግንባሯን እዚያው አሳርፋ ቆየች፤ ሚዜዋ ልታነሳት ሞከረች፣ አልተነሳችም። ዘርፉ በቀሚሷ በኩል ትኩስ ነገር ተሰማት።

"በይ መርቂያት እንጂ!" አለች ሸዋወርቅ። "ሰው ቆሟል!"

ዘርፉ ምርቃቱን ታውቀዋለች። የሰው ልጆችን ስንቴ መርቃበታለች። ሰዉ አሜን ሊል አጎንብሷል።

"ውለጂ" አለች።

"አሜን!"

ቀጥሎ "አሳድጊ" ነው የሚባለው። እዚያ ላይ ቀረች። ሰዉ ይጠብቃል። አንዱ ሽማግሌ አሜን ቀድሞት ብቻውን አለው። ሸዋወርቅ በክርኗ ጎሸመቻት። ቢሊሴ ቀና አለች፤ ኩሉ ወርዶ፣ አፏ በልቅሶ ተከፍቶ፣ ጥርሷ ሁሉ ለሰው እየታየ።

ዘርፉ ጎንበስ ብላ የልጇን አፍ ሳመች።